የአለቃ ታቬቲ ፊርማ

በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ፲፰፻፷፯ ዓመተ ምሕረት፥ የግንቦት ወር ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፥ በፊንላንድ ታላቅ መስፍንነት በሐሜ አውራጃ ያለው ሐይቅ ገና በረዶውን አልጣለም ነበር። በደኅናው ዘመን በዚህ ወቅት አጃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ በዚያ ዓመት ግን ገበሬው በእርሻው ዳር ይቆምና መሬቱን በተረከዙ ይመታዋል፤ መሬቱም እንደ ድንጋይ ሲመልስለት አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል። መኖ ያለቀበት ከብት የጐተራውን ክዳን ይግጥ ነበር። በዚያ በቀዘቀዘ አገር መካከል ሳያርፍ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር የሁርያ ፏፏቴ ብቻ ነው፤ ከፏፏቴው ሥር የተጠጋው የወረቀት ፋብሪካም መቶ ዓመት አልፎታል። ጌታውን ፓትሩና ይሉታል፤ ስሙ ላገርክራንስ ነው፤ የሠራተኛው መኖሪያም፥ የሚሰፈረው ዱቄትም፥ የቤተ ክርስቲያኑ የፊት ወንበርም የእርሱ ነበር።

በዚያ ፋብሪካ የገንዳው አለቃ ታቬቲ ሮይሃ ይባላል። ከኀምሳ አንድ ዓመቱ ሠላሳ ሦስቱን ያሳለፈው ለብ ካለው ገንዳ ፊት ቆሞ ነው፤ ከዚያም የተነሣ እጆቹ እስከ ክርናቸው ድረስ የተቀቀለ ሥጋ መስለው ቀርተዋል። የሽቦ ወንፊቱን በሁለት እጁ ይይዝና ገንዳውን ወደ ሞላው ሙክ ይነክረዋል፤ ያነሣዋል፤ አንዴ ወደ ፊት፥ አንዴ ወደ ጐን ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ውኃው ሲንጠፈጠፍ በወንፊቱ ላይ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ስስ ነገር ይቀራል። ስልባቦቱ በሱፍ ጨርቅ ላይ ይገለበጣል፥ በመጭመቂያ ይጨመቃል፥ በገመድ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ ወረቀት ይባላል። አባቱም የሠራው ይህንኑ ነበር፤ የአባቱም አባት።

ሙኩ ደግሞ የሚዘጋጀው ከቡቱቶ ነው። ያረጀ ሸሚዝ፥ የተቀደደ አንሶላ፥ የጀልባ ሸራ በጋሪ እየተጫነ ይመጣል፤ በቡቱቶ ቤት ዐሥራ ሁለት ሴቶች አፋቸውን በሻሽ ሸፍነው ቁልፉን ይነቅላሉ፥ ስፌቱን ይተረትራሉ፥ ወደ ላይ በተተከለ የማጭድ ስለት ላይ እየጐተቱ ይቈራርጡታል፤ ከዚያ ይዘፈዘፋል፥ ይወቀጣል። ከዐሥራ ሁለቱ አንዷ የታቬቲ የበኵር ልጅ ሎቪሳ ነበረች። ሃያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቷታል፤ ሳቋ ከሩቅ ይሰማል፤ ሳሏም እንደዚያው።

ባለፈው መስከረም ፓትሩናው ከሳክሶኒ አገር አዲስ መሣሪያ አስመጥቶ ነበር፤ የእንጨት ወፍጮ። የተከለውም አናጢው ኤፍራይም ነው፤ የሎቪሳ እጮኛ። የተላጠ ጥድ ክንድ በማይሞላ ቁመት ተቈርጦ በብረት ሣጥን ውስጥ ይጋደማል፤ ከበላዩ ብሎን እየገፋ ከሚሽከረከር እርጥብ የአሸዋ ድንጋይ ጋር ያፋጥጠዋል፤ ውኃም ሳያቋርጥ ይወርድበታል። ድንጋዩ እንጨቱን እንደ ድመት ምላስ እየላሰ ሲጨርሰው፥ ከሥር ቢጫ አጥሚት የመሰለ ነገር ይፈስሳል፤ አጥሚቱ ተጣርቶ ስንጥሩ ይለቀምለታል፤ ለማያያዣ ጥቂት የቡቱቶ ሙክ ይጨመርበትና ወደ ገንዳው ይገባል።

ሥራውን ለማየት ሴቶቹ ከቡቱቶ ቤት ሲወጡ፥ ከሁሉ የምትበልጠው ምላሰኛዪቱ ማያ-ሊሳ ወገቧን ይዛ፥

«እንግዲህ ጥድ ወረቀት ከሆነ፥» አለች፥ «ነገ ደግሞ ድንጋይ ንጡና ቅቤ አውጡ ይሉናላ!»

«አንቺ ብትንጪው አያቅትሽም፥ እማማ፥» አለ ኤፍራይም ከመንኰራኵሩ ሥር፤ ሴቶቹም ሳቁ።

በዚያ በግንቦት ቀን ግን ሳቅ አልነበረም። የፋብሪካው ዋና ደንበኛ የነበረው የአውራጃው ገዥ ጽሕፈት ቤት ለመዝገቦቹ ወረቀት የሚወስደው፥ የገንዳው አለቃ «ይህ ወረቀት እስከ ልጅ ልጅ ይቈያል» ብሎ በእግዚአብሔር ስም ሲፈርምበት ብቻ ነበር። ፓትሩናው አለቃ ታቬቲን ወደ ቢሮው አስጠርቶ ብዕሩን ዘረጋለት።

«ታቬቲ፥ እነሆ። ፈርምና ገላግለን።»

ታቬቲ ብዕሩን አልተቀበለም፤ ከብብቱ ሁለት ቅጠል ወረቀት አወጣ። ሁለቱንም በመስከረም በማድረቂያው ቤት የደቡብ ግድግዳ ላይ ቸንክሯቸው ነበር። አንደኛው የቡቱቶ ነው፤ እንደ ተሠራ ነጭ ነው። ሁለተኛው የጥዱ ነው፤ የትንባሆ ሱሰኛ ጥርስ መስሏል። ታቬቲ የጥዱን አጠፈው፤ እጥፋቱ ቀጭ አለና ተሰበረ።

«ስምንት ወር ነው፥ ጌታዬ። ስምንት ወር እንዲህ ካደረገው ሰማንያ ዓመት ምን ሊያደርገው ነው?»

«በሰማንያ ዓመት እኔም አንተም አፈር ነን።»

«ስለዚህ ነዋ፥ ጌታዬ! ወረቀት የሚፈለገው እኮ እኛ አፈር ስንሆን ነው።»

ፓትሩናው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዕሩን ወደ ቀለሙ ብልቃጥ መለሰና፥ «እግዚአብሔርን ጠርተህ እንድትዋሽ አላስገድድህም፤ ግን ያለ ፊርማህ ወፍጮው ብረት ብቻ ነው፤» አለ። በማግሥቱ ወፍጮው ሸራ ተከናነበ።

ነገሩ ባንድ ሳምንት ውስጥ በደብሩ ሁሉ ተሰማ። በእሑዱ ቄሱ ከመስበኪያው ላይ ሆነው፥ «በመካከላችን ስለ ጌታው ሞገስ ብሎ በሐሰት የማይምል ሰው አለ፤» አሉ፤ ሕዝቡም ወደ ኋላ ዞሮ ታቬቲን አየው። ሚስቱ ኤቫ-ስቲና ክንዱን ጨበጥ አደረገችው። ታቬቲ ፊቱን አጠቈረ እንጂ በልቡ ደስ ብሎት ነበር። በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ያቃጠለው ይህ ደስታ ነው።

ሎቪሳ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሐይቁ ዳር ከአባቷ ጋር ወደ ኋላ ቀረት ብላ፥

«አባባ፥ ምን ነበረበት?» አለችው።

«ምን ነበረበት? ውሸት ነበረበት።»

«ወፍጮው ቢሠራ ኤፍራይም አለቃው ይሆን ነበር። አለቃ ሲሆን ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይሰጡት ነበር። ምንጣፍ እንኳ ጀምሬ ነበር።»

«እስከ ከርሞው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል፥ እስከ ሰኔ፥ ታገሺ። እኔ ለፓትሩናው ነግሬ ለኤፍራይም ሌላ ሥራ አስገኝለታለሁ።»

«ስለ ቤቱ ብቻ መሰለህ?» አለችና ቆመች። «እዚያ ቡቱቶ ቤት ከገባሁ ሰባት ዓመቴ ነው፥ አባባ። ቀኑን ሙሉ የሰው ላብ፥ የሰው መግል፥ የሰው አልጋ ስቈርጥ እውላለሁ። ጥድ እኮ የሚሸተው ጥድ ነው።»

ታቬቲ እጁን በትከሻዋ ላይ አደረገ። እርሷም ቂም የማይበረክትላት ልጅ ነበረችና፥ «እሺ፥ እስከ ዮሐንስ። እስከዚያ ኤፍራይም ካልሸበተ!» ብላ ሳቀች።

በመስከረም መጀመሪያ ሳምንት፥ አጃው ገና ለምለም ሳለ፥ አገሩ በአንድ ንጋት ነጭ ሆኖ ተገኘ። ውርጭ ነበር። ገበሬዎች ዛላውን በጣታቸው ሲጨምቁት ውኃ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የዚያ አገር ሰው እስከ ዛሬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። የጥዱን ልጥ እየላጡ፥ እያደረቁ፥ እየፈጩ ዳቦ ጋገሩበት፤ ወፍጮው ያልበላውን ጥድ ሰው በላው። መንገዱ በለማኝ ተሞላ፤ አባት ልጁን በበረዶ መንሸራተቻ እየጐተተ ከደብር ወደ ደብር ይሄዳል፤ አንዳንዱ ሲደርስ የሚጐትተው ሬሳ ሆኖ ያገኘዋል።

በዚያ ክረምት ከሁሉ የረከሰ ነገር ቡቱቶ ነበር። በኅዳር ሰው የሰንበት ልብሱን ሸጠ፤ በገና የአልጋ ልብሱን፤ ከዘመን መለወጫ በኋላ በየጋሪው የሚመጣው የሞተ ሰው ልብስ ሆነ። ፓትሩናውም ገዛው፤ በልብሱ ምትክ ከሚሰጠው ዱቄት የተነሣ ብዙ ቤት እንዳልተዘጋ መካድ አይቻልም።

አንድ ጧት ማያ-ሊሳ ከክምሩ አንድ ሸሚዝ መዘዘችና እጇን ሰበሰበች።

«ሴቶች፥» አለች፥ «ይኸኛው ገና አልቀዘቀዘም።»

ያን ቀን የቀለደ የለም። ከስፌቱ ውስጥ ቅማሉ እንደ ጤፍ ይረግፍ ነበር፤ ሴቶቹ እያራገፉ ይቈርጣሉ። ተስቦን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግረው ቅማል መሆኑን ዓለም ያወቀው ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ቈይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም የሚፈራው መጥፎ አየርን ነበርና፥ ሻሻቸውን ጠበቅ ከማድረግ በቀር መከላከያ አልነበራቸውም።

ታቬቲ በጥር መጨረሻ ልጁን፥ «ከነገ ጀምሮ አትሄጂም፤» አላት።

«ዱቄቱስ?» አለች ሎቪሳ።

ሁለት ታናናሽ እኅቶቿ ከምድጃው አጠገብ ቀና ብለው አዩት። የእርሱ ድርሻ ብቻውን አምስት ሰው እንደማያደርስ ሁሉም ያውቁታል። ኤቫ-ስቲና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«በል እንግዲህ፥ አንተ ሰው፥» አለች ሳታየው፥ «ወይ ዱቄት አምጣ፥ ወይ ዝም በል።»

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት አለቃ ታቬቲ ከገንዳው ተነሥቶ እስከ ፓትሩናው ደጃፍ ሄደ። ሊፈርም ነበር የሄደው፤ ወፍጮው ከተነሣ ኤፍራይም አለቃ ይሆናል፥ ሎቪሳም ከቡቱቶ ቤት ትወጣለች። ደረጃው ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ አግኝቶት ባርኔጣውን አነሣለትና፥ «እንደ እርስዎ ያለ ሰው በመካከላችን ባይኖር ኖሮ!» አለው። ታቬቲ እጁን ለመዝጊያው ዘርግቶ ነበር፤ መለሰው። «ሌላ ቀን፤» ብሎ ወደ ገንዳው ተመለሰ።

በመጋቢት መጀመሪያ ከዐሥራ ሁለቱ ሴቶች መካከል ሎቪሳ ወደቀች። መጀመሪያ ራሷን፥ ከዚያ ወገቧን አለች፤ በአምስተኛው ቀን ሰውነቷ በሽፍታ ተሞላ፤ ትለፈልፍም ጀመር፤ በሕልሟ የምትቈርጠው ጨርቅ አላልቅ እያላት እጆቿ በብርድ ልብሱ ላይ ይሠሩ ነበር። ኤፍራይም ከራስጌዋ ተቀምጦ እጆቿን ለመያዝ ይታገላል። «አረፍ በይ፥ ሎቪ፤ አልቋል፤ ጨርሰሻል እኮ፤» ይላታል፤ እርሷ ግን ትቀጥላለች።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትኵሳቱ ለቀቅ አደረጋት። ዓይኗን ገለጠች፤ ውኃ ጠጣች፤ ኤቫ-ስቲና፥ «ተመስገን!» ብላ ወጥታ አለቀሰች። ሎቪሳ አባቷን ፈልጋ አገኘችው።

«አባባ።»

«አለሁ፥ ልጄ።»

«ያ ወረቀት … የጥዱ … እውነትም ቢጫ ሆኗል?»

«ሆኗል። ተኚ አሁን።»

«እንግዲያ እውነትህን ነበር።» ትንፋሿን ለመሰብሰብ ቈየች። «ግን እኔ እኮ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ወረቀቱ ስንት ዓመት እንዲኖር ነበር የፈለግኸው?»

በቍጣ አልተናገረችም። እንደ ሕፃን፥ ማወቅ ብቻ ፈልጋ የጠየቀች ትመስል ነበር። እርሷም መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ኤፍራይም ዞራ እንቅልፍ ወሰዳት፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከዚያው እንቅልፍ ሳትነቃ አረፈች።

በዚያ ሳምንት የደብሩ ሙታን በአንድ ጕድጓድ ነበር የሚቀበሩት፤ መሬቱን የሚቈፍር ጉልበት አልተገኘም። ኤፍራይም ግን ሁለት ቀን ሙሉ ጥድ ሲልግ ውሎ ለብቻዋ ሣጥን ሠራላት፤ መቃብሯንም እርሱና ታቬቲ በዶማ ቈፈሩት። በሥራው መካከል አንዴ ብቻ ኤፍራይም ቀና ብሎ፥ «አለቃ፥ እኔ እርስዎን አልረግምም፤ ግን ዓይንዎን ማየት አልችልም፤» አለው። ታቬቲም፥ «አትየኝ፥ ልጄ፤» አለው። ኤቫ-ስቲና የሟቿን ልብስ ለጋሪው አልሰጠችም፤ አንድ ክር ሳይቀር በሳውናው፥ በእንፋሎት መታጠቢያው ቤት፥ ምድጃ ውስጥ አቃጠለችው።

በሦስተኛው ቀን ታቬቲ ፓትሩናው ፊት ቆመ።

«ሸራውን ያስነሡት፥ ጌታዬ። እፈርማለሁ።»

ፓትሩናውም በዚያ ክረምት ከስቶ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናህ፥ ታቬቲ። ኀዘን ላይ ነህ፤ ቈይተህ …»

«አልቈይም። ቡቱቶ ቤቱ ይዘጋ፤ ለማያያዣ የሚያስፈልገውን ጥቂት ንጹሕ ቍራጭ ከከተማ ጥጥ ፈታዮች ያስመጡ። ሌላ አልጠይቅም።»

«ወረቀቱስ? ይቈያል ብለህ ታምናለህ?»

«አይቈይም፤» አለ ታቬቲ፤ ብዕሩንም አነሣ። ታቬቲ ፈርሞ እስኪጨርስ ድረስ ፓትሩናው በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከት ነበር።

ወሬው ቡቱቶ ቤት ሲደርስ ማያ-ሊሳ ከሴቶቹ ፊት ሆና መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«አለቃ፥ ልጅህን አብረን አልቅሰናታል። እኛን ደግሞ ለምን ትገድለናለህ?»

«ከተስቦ ላድናችሁ ብዬ ነው፥ ማያ-ሊሳ። ነገ የማናችሁ ተራ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ተስቦስ አንዳንዱን ይምራል፤» አለች። «ረኃብ ማንን ሲምር አየህ? ባለፈው ዓመት አልፈርም ብለህ ጻድቅ ሆንህ፤ ዘንድሮ ፈርመህ ጻድቅ ልትሆን ነው። ጽድቅህን ሁልጊዜ የምንከፍልልህ እኛ ነን!»

ታቬቲ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማት። ከራሱ ድርሻ ዱቄት ግማሹን ለሴቶቹ እንዲያካፍሉለት ለመነ፤ ለዐሥራ አንድ ቤት ግን ያ ምን ነበር? ሰባቱ በእርሻና በእልፍኝ ሥራ ተጠጉ፤ አራቱ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደቡብ በልመና ወጡ። ከአራቱ ሁለቱ አልተመለሱም። ማያ-ሊሳ ካልተመለሱት አንዷ ነበረች።

ወፍጮው በሚያዝያ ሲነሣ የመጀመሪያውን ጥድ ያጋደመው ታቬቲ ራሱ ነው። ድንጋዩ ዞረ፤ ውኃው ወረደ፤ ትኩስ የተላጠ እንጨት ሽታ ቤቱን ሞላው። ታቬቲ ብሎኑን እያጠበቀ ሳለ ድንገት ሥራውን ትቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ግንባሩን በግድግዳው ላይ አድርጎ ቆመ፤ ሠራተኞቹም አይተው ዘወር አሉ። ኤፍራይም ብቻውን ቀሪውን እንጨት ፈጨ። ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ለኤፍራይም ቢሰጠውም አንድ ቀን አላደረበትም፤ በመከር ጊዜ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄደ፤ ደብዳቤም አልጻፈ።

ታቬቲ ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስድስት ዓመት ኖረ። አንድ ጊዜ ቄሱ ስለ ሐሰት መሐላው እንዲናዘዝ ቢመክሩት፥ «አባቴ፥ የቱን ልናዘዝ?» አላቸው። «የፈረምሁባትን አንዲት ቀን ነው፥ ወይስ ያልፈረምሁባቸውን ዐሥር ወሮች?» ቄሱም መጽሐፋቸውን ዘጉ፤ ከመስበኪያው ላይ ያመሰገኑት እርሳቸው ነበሩና።

ስለ ወረቀቱ የተናገረው ሁሉ ደረሰ። አርባ ዓመት ሳይሞላ የአውራጃው መዝገቦች ጠርዛቸው ቡናማ ሆነ፤ ገጹ ሲገለጥ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰበር ጀመር። በእነዚያ ገጾች ላይ የዚያ ዘመን የመሬት ክርክር፥ የእርዳታ እህል ድልድል፥ በመንገድ የወደቁ የለማኞች ስም ተጽፎ ነበር፤ ብዙው አሁን የለም። ስማቸው እንዳይጠፋ ብሎ ብዕሩን አልቀበልም ያለ ሰው ነበር፤ ብዕሩን ባለመቀበሉም የወደቁ አሉ፤ በመቀበሉም የወደቁ አሉ።

ታሪክ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልመረመረም። የአውራጃውን ኢንዱስትሪ ታሪክ የጻፉት ሊቃውንት ፓትሩና ላገርክራንስን አርቆ አሳቢ ይሉታል፤ ፲፰፻፷፰ ዓመተ ምሕረትንም፥ ጥድ በሁርያ ፏፏቴ ወረቀት የሆነበት፥ አገሩ ከድህነት የወጣበት መነሻ አድርገው በደማቅ ቀለም ያስቀምጡታል። ሐሰትም አይደለም፤ የዚያ አገር ልጆች የተማሩት፥ ጋዜጣ ያነበቡት፥ የጠገቡትም በጥዱ ነው። የደብሩ የሙታን መዝገብ፥ ከፊርማው በፊት የተሠራ ነውና፥ ዛሬም ነጭ ነው፤ በመጋቢት ወር ገጽ ላይ ሠላሳ ሰባት ስም አለ፤ በዐሥራ ዘጠነኛው መስመር «ሎቪሳ ሮይሃ፥ የወረቀት ሠሪ ልጅ፥ ተስቦ» ይላል። ምን ሥራ ትሠራ እንደ ነበር አልተጻፈም። ማያ-ሊሳ በየትኛው ደብር መንገድ ላይ እንደ ወደቀች የሚናገር መዝገብ፥ ነጭም ሆነ ቢጫ፥ አልተገኘም።